መውጫው ካመለጠሽ፣ ይለፍ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ ሜክሲኮ አደባባይን በሥራ መውጫ ሰዓት እያቋረጥኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሦስተኛው ፈተና ሲሆን ገና ሁለት ወሩ ነው። የምንኖረው ሚርዲፍ ነው። የስምንት ዓመት ወንድ ልጄ ትምህርት ቤት አል ባርሻ ሳውዝ ነው፤ የሦስት ዓመቷ ልጄም የምትውለው እዚያው አካባቢ ነው። ባለቤቴ አቡ ዳቢ ስለሚሠራ ማለዳ ይወጣል፤ ልጆቹን የማደርሰው እኔ ነኝ። 311 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የምወጣበት መውጫ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። በሁለተኛው ደንግጬ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት፣ የተሰመረው ቦታ ላይ ቆምኩ። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ ለጥቂት ሳተን። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ባለቤቴ «የቀኙን ረድፍ ይዘሽ ዝም ብለሽ ሂጂ፤ ከገደቡ 20 ብታልፊም ካሜራ አይነካሽም» ይለኛል። ወንዱ ልጄ ከፊት ካልተቀመጥኩ ይላል፤ ትንሿ ወንበሯ ላይ መታሰር አትወድም። በየቀኑ ታክሲ አንችልም። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሚርዲፍ

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፋችሁ። ሜክሲኮን በሥራ መውጫ ሰዓት ስድስት ዓመት ያቋረጠ ሰው እጁም ዓይኑም የሠለጠነ ነው፤ መንዳት አላቃተሽም። የተቸገርሽው በሰዓት ስሌት ነው። አዲስ አበባ ላይ ስህተት የሚታረመው በ30 እና በ40 ፍጥነት ነው። ግራ ገብቶሽ ብትቆሚ ከኋላ ያለው ይነፋብሻል፣ ይሰድብሻል፣ ከዚያ ዞሮሽ ያልፋል። ዱባይ ውስጥ 311 ላይ ገደቡ 110 ነው። እዚያ የሚቆም መኪና ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሹፌር የለም።

ሂሳቡን እንሥራው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናሽ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የመውጫው የመጀመሪያ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀር ይመጣል፤ ይህ 72 ሰከንድ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ሲቀር 36 ሰከንድ፣ 500 ሜትር ሲቀር 18 ሰከንድ ብቻ ይኖርሻል። አንድ ረድፍ በወጉ መቀየር 10 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስፖኪዮ ታያለሽ፣ ፍሬቻ ታበሪያለሽ፣ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ትጠብቂያለሽ፣ በትከሻሽ ዞር ብለሽ ስፖኪዮ የማያሳየውን ታያለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ትረጋጊያለሽ። እንግዲህ ከቀኝ አራተኛው ረድፍ ላይ ሆነሽ የ1 ኪሎ ሜትሩን ሰሌዳ ካየሽ ሦስት ረድፍ መሻገር አለብሽ። 30 ሰከንድ፣ ያውም ሁሉም ቦታ ከለቀቀልሽ። ደግሞ አይለቅልሽም።

ስለዚህ የ2 ኪሎ ሜትሩን ሰሌዳ እንዳየሽ ወደ ቀኝ መሳብ ጀምሪ፤ 1 ኪሎ ሜትር ሲቀር መውጫው ረድፍ ውስጥ መገኘት አለብሽ። 500 ሜትር ሲቀር እዚያ ካልገባሽ መውጫው አልፏል በይ። ገና ፊት ለፊትሽ ቢታይም አልፏል። ፍሬቻሽን አጥፊ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ ሌላው ሁሉ በጊዜው ይመጣል።

ይህን ማድረግ የሚከብደው ብዙ ሰው «ካመለጠኝ የት እገባለሁ?» የሚለውን ከቤት ሳይወጣ ስለማያስብበት ነው። ያንቺ መንገድ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። አል ባርሻ ሳውዝ በሁለት ትልልቅ መንገዶች መካከል ያለ ሰፈር ነው፤ በአንድ በኩል ኡም ሱቄይም ስትሪት (ዲ 63)፣ በሌላው በኩል ሄሳ ስትሪት (ዲ 61)። ከሚርዲፍ ወደ ደቡብ በ311 ስትወርጂ ሲሊከን ኦሲስን፣ ቀጥሎም ግሎባል ቪሌጅን አልፈሽ መጀመሪያ የምታገኚው የኡም ሱቄይምን መውጫ ነው። እሱ ካመለጠሽ ቀጣዩ የሄሳ ነው፤ በዚያም ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ታጥፈሽ እዚያው ሰፈር በሌላ በር ትገቢያለሽ። ጥቂት ደቂቃ ትዘገያለሽ፣ በቃ። የተሰመረው ላይ መቆም ግን፣ ሞቱን ትተን ቅጣቱን ብቻ ብናነሳ፣ ያለ በቂ ምክንያት መንገድ መሃል ማቆም ተብሎ 1,000 ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ነው። በድንገት ጥምዝዝ ብሎ መግባትም 1,000 ድርሃምና 4 ነጥብ ነው። በዓመት ውስጥ 24 ነጥብ የሞላበት መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል።

ፍሬቻ ስታበሪ ከኋላ ያለው ፍጥነት ሲጨምር ትናደጂ ይሆናል። ልትቆርጪበት ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ፍሬቻሽን ሳታጠፊ እሱን አሳልፊውና ከኋላው ያለውን ክፍተት ያዢ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ቦታ ፍለጋ በራስሽ ረድፍ ላይ ፍሬን መያዝ ነው፤ ያኔ ከኋላሽ ያለው ይደርስብሻል፣ ልትገቢበት የፈለግሽው ረድፍም ካንቺ ይፈጥናል። መጀመሪያ ፍጥነትሽን ከምትገቢበት ረድፍ ጋር አስተካክዪ፣ ከዚያ ግቢ።

ባለቤትሽ «የቀኙን ረድፍ ያዢ» ያለው ግማሽ እውነት አለው። የመጨረሻው ቀኝ ረድፍ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ የሚገባውም የሚወጣውም እዚያ ነው የሚተራመሰው፤ የጭነት መኪናውና የሠራተኛ አውቶቡሱም እዚያ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያ ረድፍ ራሱ መውጫ ይሆንና ሳታስቢው ይዞሽ ይወጣል። ላንቺ የሚሻለው ከቀኝ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው፣ ከ90 እስከ 100 ፍጥነት። የመጨረሻውን ግራ ረድፍ ለጊዜው እርሺው። እዚያ ከኋላ ረጅም መብራት ብልጭ ቢልብሽ «ልቀቂልኝ» ማለት ነው፤ አለመልቀቅ 400 ድርሃም ያስቀጣል። አዲስ አበባ ላይ አንዳንዱ ሹፌር መብራት ብልጭ የሚያደርገው «እለፊ» ለማለት ነው። እዚህ በዚያ ተማምነሽ እንዳትገቢ።

በፊትሽ ካለው መኪና ሦስት ሰከንድ ራቂ። እሱ አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት» ብለሽ ቁጠሪ፤ ሳትጨርሺ ምሰሶው ጋ ከደረስሽ ቀርበሻል። በ100 ፍጥነት ይህ 83 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ክፍተት ሌላው ይገባበታል፤ ይግባ፣ አንቺ ትንሽ ወደኋላ በይ። ተጠግቶ መንዳት 400 ድርሃምና 4 ነጥብ ነው።

የ20ዋ ነገርስ? ዱባይ ውስጥ ካሜራው የሚይዘው ከገደቡ ከ20 በላይ ሲታለፍ መሆኑ እውነት ነው፤ በ110 መንገድ ላይ 131 ሲሆን ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የካሜራው ቸርነት ነው፤ ፍሬኑ አያውቀውም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በ130 ከ110 ይልቅ 40 በመቶ ገደማ ይረዝማል። በዚያ ላይ አቡ ዳቢ ይህን ይቅርታ ከነሐሴ 2018 ጀምሮ ሰርዞታል (ወሩንም ዓመቱንም እዚህ የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ እዚያ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ራሱ የካሜራው ቁጥር ነው። ጋሼም በየማለዳው የሚሄደው ወደዚያው ስለሆነ ይህቺን አንቀጽ አንብቢለት።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። ሰዓቱን በስልክሽ ላይ እንደሚታየው ነው የምንጽፈው፤ በኛ አቆጣጠር ብንጽፈው ከክፍያ ሰዓቶቹ ጋር ይምታታል። ከጥር 2022 ጀምሮ የዱባይ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ እሑድ ማለዳ 7:00 ላይ መንገዱ ይሳሳል። በመጀመሪያው እሑድ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ፈልጊና ባለቤትሽን ከጎንሽ አስቀምጪ። ሥራው አንድ ነው፤ ሰሌዳ ሲያይ ጮክ ብሎ ማንበብ። «አሁን ግቢ፣ አሁን ያዢ» ማለት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ በኡም ሱቄይም ውጪ። ተመልሰሽ ሁለተኛውን ዙር ስትነጂ ደግሞ የኡም ሱቄይምን መውጫ ሆን ብለሽ አሳልፊው፣ በሄሳ ግቢ። ያለፈሽን መውጫ ሳትደነግጪ አንዴ ካየሽው ለሁልጊዜው ይቀልሻል። በሁለተኛው እሑድ ልጆቹን ጭነሽ ያንኑ ድገሚ። ያ ከሆነ በኋላ በሥራ ቀን ውጪ። ትምህርቱ 7:45 ላይ ከሆነ 6:15 ላይ ከቤት መነሳት ነው። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሰዓቱን የሚበላው መጨናነቁ ነው። ቀድመሽ ብትደርሺ ልጆቹ መኪና ውስጥ ቁርስ ይጨርሳሉ። የረፈደበት ሹፌር ግን ያመለጠ መውጫን ለማሳለፍ ልብ አይኖረውም።

ስልኩን ከመነሳትሽ በፊት በማስቀመጫው ላይ፣ ዓይንሽ ከመንገዱ ብዙ በማይወርድበት ከፍታ አድርጊው። መንገዱን መሙላት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። በእጅ መያዝ 800 ድርሃምና 4 ነጥብ ነው። ድምፁን በእንግሊዝኛ ተዪው፤ ሰሌዳው ላይ የምታነቢው በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጆሮሽና ዓይንሽ አንድ ስም ይሰማሉ። ድልድይ በድልድይ ላይ በሚደራረብበት ቦታ ስልኩ የትኛው ላይ እንዳለሽ ሊምታታበት ይችላል። ስልኩና ሰሌዳው ከተጣሉ ሰሌዳውን እመኚ። የመንገድ ሥራ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ትተሽ ብርቱካናማውን ቀስት ተከተዪ።

ክፍያውን በተመለከተ 311 ላይ የሳሊክ፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ፣ በር የለም። ስልኩ አንዳንዴ በአል ኸይል መንገድ ይወስድሻል፤ እዚያ ከኅዳር 2024 ጀምሮ የቢዝነስ ቤይ መሻገሪያ በር አለ። ከጥር 31 ቀን 2025 ወዲህ ከ6 እስከ 10 ጠዋትና ከ4 እስከ 8 ማታ 6 ድርሃም፣ በሌላው ሰዓት 4፣ ከሌሊቱ 1 እስከ ጠዋት 6 ነጻ ነው፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ 4። ልጆች አድርሶ መመለስ፣ ደግሞ ከሰዓት ሄዶ ማምጣት በቀን አራት ማለፍ ነው። ሁለቱ በ6፣ ሁለቱ በ4 ቢታሰብ 20 ድርሃም፤ በወር 22 የትምህርት ቀን ቢኖር 440። ስልኩ ላይ ክፍያ ያለበትን መንገድ እንዲተው ማድረግ ትችያለሽ። 311 የተዘጋ ቀን ግን 6 ድርሃም አይቆጭም።

አሁን ወደ ኋላ ወንበር። መንገዱ ላይ ካለው ሁሉ ይልቅ አደጋ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚሰማው ለቅሶ ነውና እዚህ ላይ እንቆይ።

ወንዱ ልጅሽ ከፊት አይቀመጥም። ሕጉ 10 ዓመትና 145 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃል፤ ስለዚህ መልሱ «ፖሊስ ከልክሏል» ነው፣ ክርክሩ ባንቺና በእሱ መካከል መሆኑ ይቀራል። ከኋላም ቢሆን ቀበቶው የተሠራው ለትልቅ ሰው ቁመት ስለሆነ ለስምንት ዓመት ልጅ አንገቱና ሆዱ ላይ ያርፋል። በግጭት ጊዜ ሆድ ላይ ያለ ቀበቶ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። ከፍ የሚያደርግ ባለ መደገፊያ ወንበር ግዢለት፤ ቀበቶው የታችኛው ክፍል የዳሌው አጥንት ላይ፣ የላይኛው የትከሻው መሃል ላይ መዋል አለበት። ሕጉ የልጅ ወንበር የሚያስገድደው እስከ አራት ዓመት ቢሆንም ወንበሩ የሚያስፈልገው ቁመቱ 145 እስኪሞላ ነው። ቀበቶ ያላሰረ ተሳፋሪ፣ ከኋላም ቢሆን፣ ቅጣቱ በሹፌሩ ነው፤ 400 ድርሃምና 4 ነጥብ።

ትንሿ ያለ ወንበሯ አንድ ሜትር እንኳ አትሄድም። ያልታሰረ ልጅ ያለበት መኪና አይነሳም፤ ይህን ሁለት ሦስት ቀን ስትጸኚበት ልጅ ይለምደዋል፣ አንድ ቀን ካላላሽው ግን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ብዙ ጊዜ ልጅ የሚያለቅሰው ምክንያት ኖሮት ስለሆነ ምክንያቱን ፈልጊ። በዱባይ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የወንበሩ ብረት ቆዳ ያቃጥላል፤ ስትወርጂ ወንበሩን በነጣ ያለ ፎጣ ሸፍኚው፣ ከማሰርሽ በፊትም ብረቱን በእጅሽ ንኪው። ቀበቶው የሚወጣበት ቀዳዳ ከትከሻዋ ዝቅ ያለ ከሆነና ወደ ፊት የምታይ ከሆነ ትከሻዋን ወደ ታች ይጫናታል፤ ወደ ፊት ለሚያይ ልጅ ቀዳዳው በትከሻ ልክ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ወደ ኋላ ለሚያይ በትከሻ ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሆናል። ካሰርሽ በኋላ ትከሻዋ ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ማጠፍ ከቻልሽ ላላ ያለ ነው። ወንበሩን ራሱን ከሥሩ፣ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዘሽ ነቅንቂው፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልተጠበቀም። ወደ ፊት በሚያየው ወንበር ብዙዎች የሚረሱት የላይኛውን ማሰሪያ ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ ወርዶ የመኪናው መንጠቆ ላይ ካልገባ በግጭት ጊዜ ጭንቅላቷ በጣም ወደፊት ይሄዳል።

አቀማመጣቸውም ይታሰብበት። ልጅ ተሽከርካሪ በሚያልፍበት በኩል አይወርድም፤ የእግረኛው ዳር ደግሞ እዚህም እንደ አገራችን በቀኝ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናው ሳይጠፋ ቶሎ የሚወርደው ወንዱ ስለሆነ የቀኙን በር ለእሱ ስጪ። ትንሿን አንቺ ራስሽ ፈትተሽ ስለምታወርጃትና ለዚያም በትክክል ስለምታቆሚ ግራው ላይ ብትሆን ችግር የለም። የልጆቹን የበር መቆለፊያ አትርሺ።

እየነዳሽ የወደቀ ነገር፣ ጡጦም ይሁን አሻንጉሊት፣ መኪናው እስኪቆም ወድቋል። ሁለት ሰከንድ ዞር ማለት በ100 ፍጥነት 56 ሜትር ገደማ ዓይንን ጨፍኖ መሄድ ነው። ለቅሶው ካልቻልሽው ቀጣዩን መውጫ ይዘሽ ነዳጅ ማደያ ግቢ፤ የመንገዱ ዳር ትከሻ ልጅ ለማባበያ አይደለም። መክሰስ ስትሰጪ ቆሎና ወይን ፍሬ ለትንሿ መኪና ውስጥ አይሰጥም፤ ቢያንቃት በጊዜ ልትደርሺላት አትችዪም። ሙዝ ወይም ለስላሳ ዳቦ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ አካባቢ ቢጫውን አውቶቡስ ተጠንቀቂ። ጎኑ ላይ ያለው የማቆሚያ ምልክት ሲዘረጋ ቢያንስ 5 ሜትር ርቀሽ ትቆሚያለሽ፤ መንገዱ በመሃል ካልተከፈለ ከፊት ለፊት የሚመጣውም ይቆማል። ማለፍ 1,000 ድርሃምና 10 ነጥብ ነው። ዜብራ ላይም ለእግረኛ አለመቆም 500 ድርሃምና 6 ነጥብ። እኛ አገር ዜብራ ላይ ቆመሽ ከኋላ ተነፍቶብሽ ይሆናል። እዚህ ተረጋግተሽ ቁሚ፣ ነገር ግን ከመቆምሽ በፊት ከኋላ ያለውን በስፖኪዮ እዪ። ክላክስና የእጅ ምልክትን በተመለከተ ባጭሩ፣ ሰው ቢሰድብሽ አትመልሺ። የስድብ ምልክት እዚህ ፍርድ ቤት የሚያቆም፣ ከአገር የሚያስወጣም ወንጀል ነው።

ሙቀቱን ሳናነሳ አናልፍም። ደጁ 40 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የትንሽ ልጅ ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ልጅ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ተብሎም አይተውም፤ የ2016 የልጆች መብት ሕግ፣ ወዲማ የሚባለው፣ በቸልተኝነት ያስጠይቃል። ማለዳ የተኛች ልጅ መኪና ውስጥ የምትረሳው አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱ ልማድ በተቀየረ ቀን ነው፤ ጋሼ አንድ ቀን ባንቺ ፈንታ ካደረሳት ማለት ነው። ለዚህም ቦርሳችሁን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከእሷ እግር ሥር አስቀምጡ። ለልጅቷ መዋያም «ካልመጣች በ15 ደቂቃ ውስጥ ደውሉልኝ» ብለሽ ንገሪ።

ጎማውን ዛሬውኑ እዪው። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2323 ካለ በ2023 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም በዚህ ሙቀት ሊፈነዳ ይችላል፣ በዓመታዊው ምርመራም አያልፍም። ንፋሱን ማለዳ፣ ሳትነጂ፣ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተጻፈው ልክ ሙዪ። ቀን ላይ ሞቆ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎሚስታው «በዝቷል» ብሎ እንዳያስተነፍስብሽ፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድልና ጎማው ይበልጥ ይግላል። ባትሪም እዚህ ሁለት ዓመት ከሠራ በቂ ነው።

በዱባይ የብርድ ወራት ማለዳ ጭጋግ ይኖራል። አጭሩን መብራት አብርተሽ ፍጥነት ቀንሺ፤ እየሄድሽ አራቱን ፍሬቻ ማብራት ክልክል ነው፣ ረድፍ ስትቀይሪም ማንም አያውቅልሽም። ከብዙ ወር በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 የጣለው ዝናብ ብዙ የዱባይ ዋና ዋና መንገዶችን እንዴት እንዳሰጠመ ሰምተሽ ይሆናል፤ ውሃ የያዘ የድልድይ ሥር ካየሽ ጥልቀቱን በመኪናሽ አትለኪ።

መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ አራቱን ፍሬቻ አብርተሽ ወደ ቀኝ ትከሻ ውጪ። ልጆቹን በቀኝ በር አውርደሽ ከብረት አጥሩ ጀርባ ውሰጃቸው፤ ከመኪናው ፊትም ኋላም አይቁሙ። ወደ ዳር መውጣት ካቃተሽና መሃል ረድፍ ላይ ከቀረሽ ግን ልጆች ይዘሽ ስድስት ረድፍ አትሻገሪ፤ ቀበቶ እንደታሰረ ተቀምጣችሁ 999 ደውዪ። ከተማ ውስጥ አድራሻ መናገር ሲያስቸግር ሕንፃው ላይ የተለጠፈውን አሥር አኃዝ የመካኒ ቁጥር አንብቢላቸው።

ቀላል ግጭት፣ የተጎዳ ሰው የሌለበት ከሆነ፣ ፎቶ አንሺና መኪናውን ከመንገድ አውጪ። በዱባይ ፖሊስ መተግበሪያ ወይም በ901 ታስመዘግቢያለሽ። መንጃ ፈቃድሽና ሙልኪያው (የመኪናው የምዝገባ ካርድ) እጅሽ ላይ ይሁኑ። «500 ድርሃም እንካችሁ እንለያይ» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ እሺ እንዳትዪ፤ ያለ ፖሊስ ወረቀት የተጋጨ መኪና የሚጠግን ጋራዥ የለም፣ ኢንሹራንሱም አይከፍልም። መንጃ ፈቃድሽ ዓመት ስላልሞላው ኢንሹራንስሽ በእያንዳንዱ ጥገና ላይ አንቺ የምትከፍይው ድርሻ ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል ውሉን አውጥተሽ አንብቢው።

ይህን የምታነቡና ገና መንጃ ፈቃድ ያላወጣችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ በኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ መንዳት አይቻልም፤ በቀጥታ የሚለወጥም አይደለም። ነገር ግን ጥቅም አለው። ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ መንጃ ፈቃድ ያለው 10 ሰዓት፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያለው 15፣ ምንም የሌለው 20 ሰዓት ነው የሚማረው። አስተርጉማችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ወዳንቺ እንመለስ። ለመጀመሪያው እሑድ ልምምድ ስትወጪ የኋላውን መስታወት ልጆቹን ሳይሆን መንገዱን እንዲያሳይ አስተካክዪው። አሁን እንደገመትነው ወደ ልጆቹ ያዘነበለ ሳይሆን አይቀርም።